ናጋ ብቻ የሚል ማሽን

በስተርጅናዬ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። ከተማርኩት ሁሉ በእጄ የቀረችው ግን አንዲት ትእዛዝ ብቻ ነች፤ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ መጠየቂያዋ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ሦስት ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ማሽኑ «እዚህ ነህ» ብሎ ያላችሁበትን ይነግራችኋል። ነገሌ ቦረና ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ ላስተማረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ባለቤቴ ግን አልተደነቀችም። «መነጽርህ የት እንዳለ የሚነግርህን ትእዛዝ ስታገኝ፣ ያኔ ተማረ እላለሁ» አለችኝ።

ተማሪ ያደረገችኝ የልጄ ልጅ ነች። እኔ ወደ ነገሌ የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው፤ ባለቤቴንና አንዲት ልጃችንን ይዤ፣ ከጎጃም፣ ለአንድ ዓመት ተብዬ። ያ አንድ ዓመት እስካሁን አላለቀም። ልጃችን አድጋ፣ ተድራ፣ ሻኪሶ ሄዳ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። የእሷ ልጅ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያደገችው እኛ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ጥቁር ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልን፤ ከዚያ ሥራ የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ እየዋለች መመለስ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋ ግቢያችን ካለው ግራር ሥር ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ዴቭኦፕስ ልማር ነው» አለችኝ።

«እግዜር ይማርሽ! መድኃኒት አለው?» አልኳት።

እስክትስቅ ጠበቅኳት። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች፤ ለዚያ ስል ብዙ ቂላቂል ነገር ተናግሬያለሁ።

«በሽታ አይደለም አባባ፣ ሥራ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የተጻፈው ፕሮግራም ሳይቋረጥ እንዲሠራ የሚጠብቁ ደግሞ ሌሎች አሉ። ድሮ ሁለቱ አይስማሙም ነበር። አንድ ነገር ሲበላሽ ጸሐፊው ‹እኔ ጋ ሲሠራ ነበር› ይላል፤ ጠባቂው ‹ስትሰጠኝም ብልሽት ነው› ይላል። ዴቭኦፕስ ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር ነው።»

«አማት ከምራት ማስታረቅ ነው በይኛ!»

«በቃ እሱ ነው። ግን በማሽን።»

በኋላ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። እናቷ ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ ካለው የባሏ ዘመድ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ኖሯል። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ልጅቷ በሞያሌ በኩል ተሻግራ እዚያ ሱቅ ልትሠራ። ልጅቷ ደግሞ እናቷን በስልክ ለምና አንድ ዕድል አገኘች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ጀማሪዎችን ይፈልጋል፤ የተግባር ፈተናው የሚሰጠው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ካለፈች እዚሁ ነገሌ ትቀራለች። ከወደቀች፣ ሞያሌ።

እኔና ባለቤቴ ምን እንደምንፈልግ የጠየቀን የለም። ብንጠየቅም እንዋሽ ነበር። «የሚሻላትን ታድርግ፣ እኛ ደህና ነን» ነበር የምንለው፤ የሽማግሌ ወጉ ይኸው ነው።

የእኔ ትምህርት የተጀመረው ልጅቷ አንድ ቦታ ባነበበችው ነገር ነው። ለዚህ ሥራ መሣሪያውን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የምትሠራውን ለማንም በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ያስፈልጋል ይላል። ዞር ዞር ብላ አየችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«አባባ፣ ለእርስዎ አስረድቼ ከገባዎት ለማንም ይገባል።»

«ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ?»

«ሁለቱም።»

እንዲህ ሆኜ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ሊኑክስ የሚሉት የኮምፒውተር ሥርዓት መጣ። ስዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር መስኮትና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ጭረት ብቻ። «ምነው እንዲህ ጨለመ? ሐዘን ላይ ነው?» ብላት፣ ሰርቨር የሚባለው ሩቅ አገር ያለ፣ ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር እንደሆነ፣ የሚያናግሩትም በጽሑፍ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። «መጀመሪያ ይሄን ሳይለምዱ ሌላውን መሣሪያ መጨበጥ ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት መድገም ነው» አለች። ፊደል ወደ መቁጠሩ ገባን። በሁለተኛው ቀን አንድ ሙሉ ፎልደር አጠፋሁ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ እምነት የጣለብኝ ፍጥረት እሱ የመጀመሪያው ነው።

ያጠፋሁትን መለሰችው። ጊት የሚባል መሣሪያ አለ፤ በሥራችሁ ላይ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ምን እንደለወጣችሁና ለምን እንደለወጣችሁ አንድ መስመር ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ሲበላሽ ወደ ደህናው ቀን ትመለሳላችሁ። ይህን ስሰማ ባለቤቴን ጠራኋት። «ስሚ፣ የተበላሸ ነገር ወደ ደህናው ቀን የሚመልስ መሣሪያ ተገኝቷል።»

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ለአንተ ቢሠራ ስንቴ በመለስኩህ!» አለች። ቢላዋዋን ሁለት ሦስቴ ካሳረፈች በኋላ ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ስመልስህ ስመልስህ መጨረሻ ላይ ያው አንተን አይደል የማገኘው» አለች። ዓይኗ በእንባ ሞልቷል። በሽንኩርቱ ነው ትላለች፤ እኔም በሽንኩርቱ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ቀጥሎ ስክሪፕት መጣ፤ ማሽኑ ራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ልጅቷ ለራሷ ያወጣችው ደንብ አጭር ነበር፤ አንድን ሥራ ሁለቴ በእጅሽ ከሠራሽው፣ ሦስተኛውን ለማሽኑ አስተምሪው። «እንግዲያውስ ዶሮዎቹን የሚያበላ ስክሪፕት ጻፊልኝ» አልኳት። «እሱማ አለን፤ አባባ ይባላል» አለችኝ። ኮንቴይነር፣ ፕሮግራም ከነሙሉ ዕቃው የሚታሸግበት ሣጥን፣ ስትል ደግሞ ወዲያው ገባኝ መሰለኝ። መንገዳችን ላይ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከበረው ባለሱቅ ንግዱን የጀመረው በአንድ ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ስኳሩ፣ እሱም ራሱ እዚያው። «ኮንቴይነሩን በመኪና ጭነው ቦሬ ቢወስዱት፣ በሩ ሲከፈት ሱቁ ያው ሱቅ ነው አይደል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።» ያን ቀን ራት ላይ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። በማግስቱ ፓይፕላይን ስትል የውሃ ቧንቧ መስሎኝ ስለ ከተማችን ውሃ ችግር ረጅም ንግግር አደረግኩና ኩራቱ በዚያው ተመለሰ። ለካስ ሞያሌ መንገድ ላይ እንዳለው ኬላ ነው። ፕሮግራሙ ሰው እጅ ከመድረሱ በፊት በየኬላው ይፈተሻል፤ አንዱ ኬላ ላይ ከወደቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልዩነቱ፣ የእሷ ኬላ ጓደኛ የለውም፤ ለሁሉም እኩል ነው የሚፈትሸው።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አንድ ወዳጅ አለኝ። የቦረና ሽማግሌ ነው፤ እኔ ሳስተምር እሱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር፣ ጡረታም የወጣነው ተከታትለን ነው። እኔን «ባርሲሳ» ይለኛል፣ መምህር ለማለት። ልጅቷ እሱን «አካኮ» ትለዋለች፣ አያቴ ለማለት። ምን እያጠናች እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ተማሪ አይደለሁ፣ አዋቂ ሆንኩ። «የምትሠራበት ማሽን እዚህ የለም። ክላውድ ላይ ነው። ዱመሳ ላይ፣ ደመና ላይ» አልኩት።

ሰማዩን አየ። ያኔ ዝናቡ ዘግይቶ ነበር።

«ደመናው ውስጥ ሰው አላት?»

«አላት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቃለች? ከብቱ አልቋል በያት እንጂ!»

ልጅቷ ከውስጥ ሆና፣ «አካኮ፣ እኔ ገና ተለማማጅ ነኝ፤ ዝናብ የሚያዘው ሌላ ክፍል ነው!» አለች።

ዝናቡ መጣ፤ ቀይ አፈራችን ጫማ ላይ መለጠፍ ጀመረ፣ መብራትም እንደ ልማዱ መጥፋት። ፈተናው ደረሰ። የተሰጣት ሥራ አንድ ትንሽ የሽያጭ ድረ ገጽ ማቆም ነው፤ በኮንቴይነር ጠቅልላ፣ በኬላዎቹ አሳልፋ፣ ክላውድ ላይ አስቀምጣ፣ ከዚያ ደህንነቱን የሚከታተል ጠባቂ ማበጀት። ይህ የመጨረሻው ሞኒተሪንግ ይባላል። አንዱ ማሽን በየደቂቃው ሌላውን «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከመለሰ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል፤ ዝም ካለ ቀይ።

«ምን ብሎ ይመልስ?» አለችኝ፣ ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ።

«ነገሌ ያደገ ማሽን ምን ብሎ ይመልሳል? ናጋ ነዋ፣ ሰላም ነኝ!»

ሳቀችና ጻፈችው። ጠየቀው፤ «ናጋ» አለ። አረንጓዴው በራ። ባለቤቴን ከማጀት ጎትቼ አምጥቼ አሳየኋት። «እይ፣ ደመና ላይ ወጥቶ እንኳ ሰላምታውን አልረሳም!»

የፈተናው መልስ ሲመጣ ልጅቷ ስልኳን ደጋግማ አነበበችው። ፈታኞቹ ሆን ብለው የድረ ገጹን ዳታቤዝ፣ ዕቃውም ዋጋውም የተቀመጠበትን ቋት፣ አጥፍተውት ነበር። ገዢ የሆነ ሰው ሲገባ ባዶ ገጽና የስህተት መልእክት ብቻ ያገኛል። የእሷ ጠባቂ ግን ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ እያበራ ይጠይቃል፣ ማሽኑም ይመልሳል፤ ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ። የቀረው ሥራዋ ደህና ነው፤ ይህን ስህተት ራስሽ ፈልገሽ አርሚና በሚመጣው ሳምንት በቪዲዮ ፊት ለፊት አሳዪን አሏት። ከዚያ ሌላ ዕድል የለም።

አላለቀሰችም። መጥረጊያ አነሳችና ግቢውን ጠረገች። ጨርሳ ደግሞ እንደገና ከላይ ጀመረች። እናቷ ከሻኪሶ ደውላ የሰማነው የስልኩን ወዲህ ማዶ ብቻ ነው፤ «እሺ … እሺ እማ … ገባኝ … መኪናው መቼ ነው የሚሄደው?»

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። እጅጌዬን ያዘችኝ።

ልጅቷን ያስቸገራት ነገር እንዲህ ነው። «አባባ፣ ጠየቅኩት፣ መለሰ። ለሚመልስ ማሽን እንዴት ብዬ ቀይ ላብራበት? ዳታቤዙን ጨምሬ ብጠይቀው ደግሞ፣ ዳታቤዙ ለአፍታ በደከመ ቁጥር ጠባቂው ደህናውን ማሽን ሞተ ብሎ አጥፍቶ ይገድለውና ሌላ ያስነሳል። ቢያስነሳም ዳታቤዙ ያው ነው። ስገድል ስገድል ልኖር ነው?» እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን እየነቀነቅኩ ምንም አልገባኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወዳጄ መጣ። ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር ላፕቶፗ ላይ አጎንብሳለች፤ እኛ ውጭ ነን። እሱ ገና በሩን ሳያልፍ ሰላምታው ተጀመረ።

«ናጋ?» አልኩት።

«ናጋ።»

«ወርራ ናጋ?» ቤተሰቡን ማለቴ ነው።

«ናጋ።»

«ሎኒ ናጋ?» ከብቱን።

«ናጋ።»

«ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹን።

«ናጋ።»

እኔን ደግሞ በተራው እንደዚያው አዳረሰኝ። ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ እዚህ አገር ሰው እንደሚያደርገው፣ «ኦዱ?» አልኩት፤ ወሬ ምን አለ እንደ ማለት።

«ጥቁሯ ላሜ ሞተች» አለ።

ከውስጥ እልልታ ተሰማ። ቀልድ አይደለም፤ እልልታ። ቀጥሎ ወንበር ወደቀ፣ ቀጥሎ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «አገኘሁት! አካኮ፣ አገኘሁት!» ትላለች።

ወዳጄ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «ባርሲሳ፣» አለ በዝግታ፣ «ላሜ ይቺን ልጅ ምን አድርጋት ነበር?»

ልጅቷ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ሮጣ መጥታ ጉልበቱ ሥር ቁጢጥ አለች፣ እጁን ይዛ ሳመችው፣ አስር ጊዜ ይቅርታ አለችው። ላሟን ታውቃታለች፤ እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ ወተቷን ጠጥታለች። አሁን እንባዋ መጣ፤ የሳምንቱ እንባ ሁሉ ለጥቁሯ ላም ሆነ። ወዳጄ ራሷን እየዳበሰ፣ «በቃ፣ በቃ። አርጅታ ነው የሞተችው፤ እኛ ነን እንጂ እምቢ ያልነው» አላት።

ከዚያ ጠየቀችው። «አካኮ፣ አባባ ‹ሎኒ ናጋ?› ሲሉዎት ለምን ናጋ አሉ? ላሟ ሞታ የለ?»

ጥያቄው አስገረመው። «በር ላይ ቆሜ? ናጋ ማለት እኮ እኔ አለሁ፣ ፊትህ ቆሜያለሁ፣ በመካከላችን ክፉ የለም ማለት ነው። ላሟ ሌላ ነው፤ እሷ የምትነገረው ተቀምጠን ነው።»

ልጅቷ ተነሳች። ወደ እኔ ዞራ የተናገረችው እስካሁን በጆሮዬ አለ። «አባባ፣ እኔ ማሽኑን ሰላምታውን ብቻ ነው ያስተማርኩት። ‹ኦዱ?› ብዬ አልጠየቅኩትም። ሁለት ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው! አንዱ ‹አለህ?› የሚል ነው፤ አለሁ ካለ ጠባቂው አይገድለውም። ሁለተኛው ‹ወሬህ ምንድን ነው?› የሚል ነው፤ ችግር ካወራ ገዢ አይልክበትም፣ ለእኔ ግን ይነግረኛል።» በኋላ ስታነብ ይህ ነገር በሙያው የታወቀ፣ የራሱ ስም ያለው ሆኖ አገኘችው። ከዚያ በፊትም ሦስት ጊዜ አንብባው ኖሯል። የነገሌ ልጅ ሆና፣ ናጋ ከተባለ በኋላ ሌላ መጠየቅ በር ላይ ነውር ስለሆነ፣ ዓይኗ ዘሎት አልፏል።

ወዳጄ ሲሄድ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ላፕቶፑን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«አባባ።»

«አቤት።»

«ናይሮቢ ብሄድ ስላችሁ ሁልጊዜ ‹እኛ ደህና ነን› ነው የምትሉኝ። እሱ ሰላምታው ነው። ኦዱውስ?»

ቀልድ ፈለግኩ። ስልሳ ሰባ ዓመት ሙሉ ያልከዳኝ ቀልድ፣ ያን ቀን ኪሴን ብዳብስ ጠፋ።

«ቤቱ ይሰፋብናል» አልኳት። «ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ አያትሽ በየቀኑ ክፍልሽን ከፍታ ታይ ነበር። ምን ታያለሽ ስላት፣ አቧራውን ትላለች። እኔም … እኔማ ማን ይሰድበኛል? እሷ ብቻዋን አትችለኝም።» መነጽሬን አወለቅኩ። «ብትሄጂ ስንቅሽን ቋጥረን፣ መርቀን ነው የምንሸኝሽ። እንድትቀሪ ብለን አናስርሽም። ግን እንድትቀሪ እንፈልጋለን። ይኸው ነው ኦዱዬ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ቁጭ ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች። ከባድ ነበር፤ ብዙ ዕውቀት ገብቶበታል። አልተንቀሳቀስኩም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ኔትወርክ ጠፋ። በግቢያችን ኔትወርክ በደንብ የሚመጣው ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዶሮዎቹ ያውቃሉ። ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ እዚያ እንዳትቀመጥ ፈታኞቹ በቪዲዮ ያይዋታል። ስለዚህ እሷ በክፍሏ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፤ ኢንተርኔት የምትስብበት ስልክ ደግሞ ከዶሮ ቤቱ ጋ፣ ከፍ ተደርጎ በእኔ እጅ። ፀሐዩ ስልኩን እንዳያግለው በሌላኛው እጄ ጃንጥላ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምሬ፣ ስንት ሐኪምና ስንት መሐንዲስ ካርታ አሳይቼ፣ የመጨረሻው ማዕረጌ አንቴና ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ትልቅ ሥልጣን ይዤ አላውቅም። አፍንጫዬን በላኝ፣ አላከክኩም።

መስኮቷ ክፍት ስለሆነ እሰማታለሁ። ስለ ኮንቴይነሩ ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ ኬላዎቹ ጠየቋት፣ መለሰች። አውራ ዶሮው በመሃል ጮኸና ፈታኙ «ምንድን ነው?» ሲል፣ «የኔትወርኩ ባለቤት ነው» አለች።

«እንግዲህ ዳታቤዙን ላጠፋው ነው» አለ ፈታኙ።

ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር ቢኖር፣ ጠባቂው ችግር ሲሰማ የሚደውለው እጄ ላይ ላለው ስልክ መሆኑ ነው። ስልኩ በመዳፌ ውስጥ እንደ ተያዘ ፌንጣ ተንዘፈዘፈ፤ እኔም ከእሱ ጋር። ጃንጥላው ሄደ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ስልኩን ግን አለቀቅኩም። ስክሪኑ ላይ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «አለሁ፤ ናጋ። ኦዱ፦ ዳታቤዙ የለም።»

«ሞተ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተ! ሞተ!»

ባለቤቴ ነጠላዋን እየሳበች ከቤት ወጣች። «ማን? ማን ሞተ?»

«ዳታቤዙ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ሰምቷል። ከመስኮቱ የሁለት ሰው ሳቅ መጣ፣ ከዚያ የልጅቷ ሳቅ ተጨመረ። ሳቁ ሲበርድ ፈታኙ፣ ለምን ሁለት ጥያቄ እንዳደረገችው እንድታስረዳው ጠየቃት። ስለ ወዳጄና ስለ በር ላይ ሰላምታው ነገረችው። እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ቀላቅላ፣ ሳትቸኩል፣ ለእኔ እንደምታስረዳኝ አድርጋ። የጥቁሯን ላም መሞት ስትናገር ፈታኙ «ነፍስ ይማር» አለ።

መልሱ የመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ተቀብለዋታል፤ መጀመሪያ ለሙከራ፣ ከዚያ እንደ ሥራዋ። ያውም እዚሁ ነገሌ ሆና። ለእናቷ ስትደውል እኔም ባለቤቴም ሥራ ያለን መስለን አጠገቧ ተርመሰመስን። እናቷ ከድምጽ ማጉያው፣ «ለናይሮቢው እኔ ደውዬ አትመጣም እለዋለሁ» ስትል ሰማን። «አባዬንና እማዬን አደራ።» ልጅቷን በአደራ የተቀበልነው እኛ መሆናችንን ረስታለች መሰለኝ፤ ስንት ጊዜ ማን ለማን አደራ እንደተባለ እኔም ተምታቶብኛል።

አሁንም አንዳንድ ወጣት መጥቶ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ምን ልማር ብሎ ይጠይቀኛል፤ የልጅቷ አያት ስለሆንኩ አዋቂ እመስለዋለሁ። ከጥቁሩ መስኮት ጀምር፣ ለውጥህን ጻፍ፣ ሁለቴ የሠራኸውን ለማሽን አስተምር እለዋለሁ። የምታስረዳለት ደደብ ሽማግሌ ደግሞ ፈልግ፤ ከጠፋ እኔ ከሰዓት በኋላ አልጠፋም።

ሥራ የጀመረችበት ቀን ጠዋት ማልዳ ተነሳች። ታጠበች፣ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አነገተች። ባለቤቴ መረቀቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። እኔም «ሰው አክባሪ ሁኚ፣ ሰዓት አክብሪ» አልኳት። ልጅቷ ሁለታችንንም አቅፋ ሳመችን፣ ሳሎኑን አቋርጣ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

እኔና ባለቤቴ ሳሎኑ መሃል ቆመን ቀረን። የሚሠራ ሰው እንዳንረብሽ ብለን ለመቀመጥ እንኳ ወንበሩን አልሳብንም። ከበሩ ወዲያ የቁልፍ ድምፅ ይሰማል፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣

«ለምሳ ትመጣ ይሆን?» አለችኝ።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አልኳት። «ግን ትመጣለች።»